ስለ ሶብር የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሶብር (ትዕግስት) አድርግ» የሚለው ምክር ለሐዘንተኛም፣ ለታማሚም፣ ለተበደለም እኩል ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ግን መካሪው የሚፈልገው ሰውየው ዝም እንዲልለት ነው። ዑለማዎች (የእስልምና ሊቃውንት) ሶብርን ሲያብራሩ ሦስት ነገሮችን ይጠቅሳሉ፦ ልብ በአላህ ውሳኔ እንዳይቆጣ፣ ምላስ እንዳያማርር፣ እጅም ፊት ከመምታትና ልብስ ከመቅደድ እንዲታቀብ። በየአጋጣሚው የምንሰማቸውን አባባሎች በዚህ ሚዛን ብናያቸው አብዛኞቹ አይቆሙም።

«ማልቀስ ሶብርን ያፈርሳል»

አያፈርስም። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ኢብራሂም ነፍሱ ስትወጣ ዓይናቸው እንባ አፈሰሰ። ዐብዱረሕማን ኢብን ዐውፍ ተገርሞ «እርስዎም?» ሲላቸው፣ ይህ እዝነት እንደሆነ ነገሩት፤ ዓይን እንደሚያነባ፣ ልብም እንደሚያዝን፣ ከአፋቸው የሚወጣው ግን ጌታቸው የሚወደው ብቻ እንደሆነ አከሉለት። በመለየቱ ማዘናቸውንም አልደበቁም። ዘገባው ቡኻሪ በተባለው የሐዲስ (የነቢዩ ንግግርና ተግባር) ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

የተከለከለው ሌላ ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ጉንጩን የሚመታ፣ ልብሱን የሚቀድ፣ በጃሂሊያ (ከእስልምና በፊት በነበረው) ዘመን ጥሪ የሚጮህ «ከእኛ አይደለም» ተብሏል። ነቢዩ ያዕቆብም በዩሱፍ መጥፋት ከሐዘን ብዛት ዓይኖቻቸው ነጥተዋል (ቁርኣን 12፡84)፤ «መልካም ትዕግስት» የሚለውን ቃል የተናገሩት ግን እዚያው ሱራ ውስጥ እኚሁ አባት ናቸው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለው እንግዲህ ከሃይማኖቱ የመጣ አይደለም።

«ችግርን መናገር ማማረር ነው»

ለአላህ መናገር ዱዓ (ልመና) ነው። ነቢዩ አዩብ «እኔ መከራ አገኘኝ» ብለው ጌታቸውን ተጣሩ (21፡83)፤ አላህ ግን «ታጋሽ ሆኖ አገኘነው» ሲል መሰከረላቸው (38፡44)። ለሰው መናገርም በራሱ ክልክል አይደለም። የነቢዩ ባለቤት ዓኢሻ ራሷን አሟት «ዋ ራሴን!» ስትል፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «ይልቅ እኔ ነኝ ዋ ራሴን የምል» ብለዋታል። ለሐኪም ሕመሙን፣ ለዳኛ በደሉን፣ ለአማካሪ ጭንቀቱን በዝርዝር የሚናገር ሰው መፍትሔ እየፈለገ ነው። ሶብርን የሚያጎድለው «እኔ ምን ስላደረግሁ ነው አላህ ይህን ያመጣብኝ?» ወደሚል ወቀሳ ሲሻገር ነው። ሰውየው ለማን እንደነገረና ምን ፈልጎ እንደነገረ ሲታይ ልዩነቱ ይወጣል።

«ጊዜ ሲያልፍ ሶብር ይመጣል»

ጊዜ ሲያልፍማ አማኙም የማያምነውም ይረጋጋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መቃብር አጠገብ ለምታለቅስ ሴት «አላህን ፍሪ፣ ታገሺ» ሲሏት፣ ማንነታቸውን ባለማወቅ «ዞር በልልኝ፣ የኔ መከራ አልደረሰብህም» አለቻቸው። በኋላ ማን እንደሆኑ ሲነገራት ቤታቸው ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ ሶብር በመጀመሪያው የድንጋጤ ምት ላይ ነው የሚል ነበር።

ስለዚህ ዝግጅቱ ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። መጀመሪያ የሚባለው «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» (እኛ የአላህ ነን፣ ወደ እርሱም ተመላሾች ነን) ነው (2፡156)። ቀጥሎ ኡሙ ሰለማ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማችው ዱዓ አለ፦ «አላሁመ አጁርኒ ፊ ሙሲበቲ ወአኽሊፍ ሊ ኸይረን ሚንሃ»፤ በመከራዬ ምንዳ ስጠኝ፣ ከእርሱ የተሻለም ተካልኝ ማለት ነው። ባሏ አቡ ሰለማ ሲሞት ከእርሱ የሚሻል ማን ይኖራል ብላ እያሰበችም ቢሆን ይህን ዱዓ አደረገች፤ በኋላ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገቧት። ድንጋጤው በቁጣ ከመጣ «አዑዙ ቢላሂ ሚነ ሸይጧን» (ከሸይጧን በአላህ እጠበቃለሁ) ይባላል፤ የቆመ ይቀመጣል፣ ካልበረደለት ጋደም ይላል። ከዚያ ውዱእ (ለሶላት መታጠብ) እና ሶላት ይከተላሉ፤ ቁርኣን በትዕግስትና በሶላት ታገዙ ብሎ ሁለቱን ያጣመረው (2፡153) በከንቱ አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት ዱዓውን የሚያጠኑት ሙሲባው (መከራው) ከደረሰ በኋላ መሆኑ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ምላስ የሚያወጣው የለመደውን ብቻ ነው።

«የተበደለ ሰው ሶብር ካለው መብቱን አይጠይቅም»

ከሁሉም በላይ ጉዳት ያደረሰው ይህ ነው። ቁርኣን ከተበደለ በኋላ ራሱን የተከላከለ ሰው ወቀሳ እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል (42፡41)። ከሁለት አንቀጽ በኋላ የታገሠና ይቅር ያለ ሰው ሥራ ጽኑ ቆራጥነት እንደሆነ ይገልጻል (42፡43)። ይቅርታው እንግዲህ የተበዳዩ ምርጫ ነው፤ ጎረቤት፣ ዘመድ ወይም በዳዩ ራሱ በሶብር ስም ሊያስገድደው አይችልም።

በተለይ ለባለትዳር ሴቶች የሚሰጠውን ምክር ከሐዲሱ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ሂንድ ቢንት ዑትባ ባሏ አቡ ሱፍያን በቂ ቀለብ እንደማይሰጣት ስትናገር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዝም በይ አላሏትም፤ ለአንቺና ለልጅሽ የሚበቃችሁን በአግባቡ ውሰጂ አሏት። የሳቢት ኢብን ቀይስ ሚስት አብራው መኖር እንዳልቻለች ስትናገር በመህር (በጋብቻ ስጦታ) የሰጣትን የአትክልት ቦታ መልሳ እንድትለያይ ተደረገ። ኸውላ ቢንት ሰዕለባ በባሏ ጉዳይ ስትከራከር ደግሞ አቤቱታዋን አላህ እንደሰማ የሚናገር ሱራ ወረደ፤ 58ኛው ሱራ አል-ሙጃደላህ ስሙን ያገኘው ከዚህችው ተከራካሪ ሴት ነው። «ታገሺ» የሚሉ ሽማግሌዎች ባልየውን «ከበደል ራስህን ያዝ» ሲሉት እምብዛም አይሰማም፤ ይህም ግን ከሶብር ክፍሎች አንዱ ነው።

«ሶብር ለመከራ ጊዜ ብቻ ነው»

ዑለማዎች ለሦስት ይከፍሉታል፦ በትእዛዝ ላይ መጽናት፣ ከወንጀል መታቀብ፣ በቀደር (በአላህ ውሳኔ) ላይ መታገሥ። ኢብኑል ቀዪም የተባሉት ሊቅ ከመምህራቸው ኢብን ተይሚያ እንደጠቀሱት፣ ዩሱፍ ለግብፁ ሹም ለዐዚዝ ሚስት እምቢ በማለት ያሳዩት ሶብር ወንድሞቻቸው ጉድጓድ ሲጥሏቸው ከታገሡት ይበልጣል፤ ጉድጓዱ ምርጫ አልሰጣቸውም ነበርና።

«ታጋሽ ሰው ሕክምና አይፈልግም»

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) «የአላህ ባሮች ሆይ፣ ታከሙ» ብለዋል። ለተቃራኒው የምትጠቀሰው የሚጥል በሽታ የነበረባት ሴት ናት፤ ከታገሠች ጀነት እንዳላት ሲነግሯት ትዕግስቱን መረጠች። የመጣችው ግን ዱዓ ለማስደረግ እንጂ ሕክምና ለመተው አልነበረም፤ ምርጫውንም ያገኘችው ከነቢዩ አፍ ከተሰጠ የጀነት ቃል ጋር ነው። ዛሬ መድኃኒቱን ለሚያቋርጥ ሰው እንዲህ ያለ ቃል የገባለት የለም።

«ጠንካራ አማኝ ፈተና ይለምናል»

የታዘዝነው ሰላምን እንድንለምን ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ፣ ከጠላት ጋር መገናኘትን አትመኙ፣ አላህን ደኅንነት ጠይቁት፣ ከተገናኛችሁ ግን ጽኑ ተብሏል። መከራ የከበደበት ሰው ሞትን መመኘትም ተከልክሏል፤ የግድ ካለው «ሕይወት የሚሻለኝ ከሆነ አኑረኝ፣ ሞት የሚሻለኝ ከሆነ ውሰደኝ» ይበል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ይህን ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ሳይውል ሳያድር ይንገር፤ መናገሩ ከሶብሩ ምንም አይቀንስበትም።