«4+» ማለት 4 ደምር ማለት አይደለም

በትንንሽ ወታደሮችና በዳይስ (ከ1 እስከ 6 ቁጥር ባለው መጫወቻ) የሚካሄደውን የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ የሞከርነው ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች ካፌ ነው። ጓደኛዬ ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። የማኪያቶዬ ስኒ ቋጥኝ ሆነች። ሕጉ ቀላል ነው ተብሎ፣ ገና በመጀመሪያው ተኩስ ተጨቃጨቅን።

ወረቀቱ «ለመምታት 4+» ይላል። እሱ ሆዬ ዳይሱ ላይ 4 ሊደምር! ነገሩ እንዲህ ነው፦ 4፣ 5 ወይም 6 ከወጣ ተመታ። ግማሽ በግማሽ ዕድል። ስለዚህ 3+ ያለው ወታደር 5+ ካለው ይሻላል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ነው ጉብዝናው።

ተመታ ማለት ደግሞ ሞተ ማለት አይደለም። የተመታው ወገን በተራው ዳይስ ይጥላል። መከላከያው 5+ ከሆነ፣ 5 ወይም 6 ያወጣ ይተርፋል። ከ6 ተኩስ በአማካይ 3ቱ ይመታሉ፣ ከእነዚያ 2ቱ ይገድላሉ።

ዋናው ጣጣ «+1» ላይ ነው። ከስኒዋ ጀርባ የቆመ ወታደር መከላከያው ላይ +1 ያገኛል። ታዲያ 5+ የነበረው 6+ ሆነ? ኧረ በፍጹም! ያማ ቅጣት ነው። አንዱ የሚደመረው ዳይሱ በሚያሳየው ላይ ነው። 4 ቢወጣ 5 ተብሎ ይቆጠራል፣ ወታደሩም ይተርፋል።

ይህን እያስረዳሁ ማኪያቶዬን አንስቼ ጠጣሁ። ጓደኛዬ ወዲያው «ቋጥኙ ተነሳ፣ +1 የለህም!» አለኝ።