አልነሳ ያለ ኮምፒውተር፦ የቆመበትን ደረጃ መለየት

«ኮምፒውተሩ አልነሳም አለ» ሲባል ቢያንስ አራት የማይገናኙ ብልሽቶች በአንድ ስም እየተጠሩ ነው። አንዱ ቁልፉ ሲጫን ጭራሽ ድምፅ የለውም። ሌላው ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሦስተኛው የአምራቹን አርማ አሳይቶ ስታክ ያደርጋል። አራተኛው ዊንዶውስን ማስነሳት ይጀምርና መንገድ ላይ ሪስታርት ያደርጋል። ብዙ ሰው ገና ከመነሻው የሚያስበው ፎርማት ማድረግ ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ፈጽሞ መድኃኒት አይሆንም፤ ለቀሩትም ቢሆን ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ የሚመጣ ነው።

የኮምፒውተር አነሳስ ቅብብሎሽ ነው። ኃይል የሚያከፋፍለው ሣጥን፣ ፓወር ሰፕላዩ፣ ቮልቴጁ መስተካከሉን ዕቃዎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ፣ ለማዘርቦርዱ፣ ያሳውቃል። ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠውን የማስነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱን፣ ማንበብ ይጀምራል። ባዮሱ ራሙን (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታውን)፣ ግራፊክስ ካርዱንና ሌላውን ይፈትሽና ዲስክ ፈልጎ ሥራውን ለዊንዶውስ ያስረክባል። ፍተሻው ፖስት ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1981 ከወጣው የአይቢኤም ፒሲ ጀምሮ አለ። በዛሬ ማሽኖች ላይ ያለው ተተኪው ዩኢኤፍአይ ቢሆንም ሰዉ አሁንም ባዮስ ይለዋል። ዕቃ መለዋወጥ የሚጀመረው ቅብብሎሹ የት ላይ እንደተቋረጠ ከታወቀ በኋላ ነው።

ጭራሽ ካልበራ

ሶኬቱ ላይ ሌላ ዕቃ ሰክቶ መሞከር፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያም ማየት ይቀድማል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ባትሪው የሚወጣ ዓይነት ከሆነም አውጥቶ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ፤ ከዚያ በቻርጀር ብቻ ማብራት። ውስጡ የቀረው ኃይል ሲወጣ ብቻ የሚነሳ ላፕቶፕ ጥቂት አይደለም።

ዴስክቶፕ ላይ አንዳንዴ የተበላሸው የኬዙ ቁልፍ ብቻ ነው። የቁልፉ ገመድ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካባቸውን ሁለት ፒኖች በስክሪው ድራይቨር ጫፍ ለአፍታ ሲያገናኟቸው ማሽኑ ከተነሳ ጉዳዩ እዚያው አለቀ። ካልተነሳ ፓወር ሰፕላዩ ለብቻው ይፈተናል። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ 24 ፒን ያለውን ትልቁን ማገናኛ ከማዘርቦርዱ፣ ሌሎቹንም ከየዕቃቸው ማውጣት፤ አረንጓዴውን ገመድ (ፒን 16) ከአንዱ ጥቁር ጋር በታጠፈ የወረቀት ክሊፕ ማገናኘት፤ ከዚያ መልሶ መሰካት። ፋኑ ከዞረ ቢያንስ ይነሳል ማለት ነው። አንዳንዶቹ ጭነት ሲያንስ ፋናቸውን ስለሚያቆሙ የሚታመነው መልቲሜትር ነው፦ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25፣ ብርቱካናማው ከ3.14 እስከ 3.47 ማሳየት አለበት። ገመዶቹ በሙሉ ጥቁር ከሆኑ የፒኖቹን ሥዕል ሳያዩ መንካት አያስፈልግም። ይህን ያለፈም ቢሆን ጭነት ሲበዛበት ሊወድቅ ይችላል። ሣጥኑን ግን መክፈት አይገባም፤ ከተነቀለም በኋላ ካፓሲተሮቹ አደገኛ ኃይል ይይዛሉ።

ፋኑ ዞሮ ስክሪኑ ከጨለመ

ከሁሉ የሚያናድደው ይህኛው ነው፤ ማሽኑ በሕይወት አለ፣ አይናገርም። ግራፊክስ ካርድ ባለው ዴስክቶፕ የሞኒተሩ ገመድ በስህተት ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ገና በተገጣጠመ ማሽን ደግሞ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትሰካው ባለ 8 ፒን የኃይል ገመድ ትረሳለች፤ እሷ ከሌለች ፋኖቹ ይዞራሉ እንጂ ፕሮሰሰሩ አይሠራም። ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑን ጠጋ ብሎ በእጅ ባትሪ ማብራት ያስፈልጋል፤ ምስል ደብዘዝ ብሎ ከታየ የጠፋው የስክሪኑ የኋላ መብራት ነው።

ብዙ አዳዲስ ማዘርቦርዶች ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስና ቡት የሚሉ አራት ትንንሽ መብራቶች አሏቸው፤ ሳይጠፋ የቀረው መብራት ፍተሻው የቆመበትን ያሳያል። በድሮዎቹ ይህን የሚናገረው ቢፕ የሚለው ድምፅ ነው። ትርጉሙ እንደ ባዮሱ አምራች ስለሚለያይ የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ነው እንጂ በግምት አይሆንም።

ጣት በብዛት የሚቀሰርበት ራም ነው፤ ፈተናውም ርካሽ ነው። ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፣ የቀረው ኃይል እንዲወጣ ቁልፉ አንዴ ይጫናል፣ እጅ የኬዙን ብረት ይነካል። መያዣዎቹን ከፍቶ ራሙን ማውጣት። ወርቃማ ጥርሶቹን በእርሳስ ላጲስ ቀለል አድርጎ ማሸት፣ ፍርፋሪውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርጎ ማንሳት። ሲመለስ በራሙ ጥርሶች መሃል ያለችው ክፍተት ከቀዳዳው ጉብታ ጋር ገጥማ፣ ሁለቱም ጫፎች ቀጭ እስኪሉ በእኩል መጫን አለባቸው፤ በአንድ ጎን ብቻ የገባ ራም እንዳልገባ ይቆጠራል። ብዙ ራም ካለ አንዱን ብቻ አስቀርቶ መሞከር፤ አራት ቀዳዳ ባለው ቦርድ በአብዛኛው ከፕሮሰሰሩ ሁለተኛው ይመረጣል። አንዱ ራም በአንድ ቀዳዳ ሠርቶ በሌላው እምቢ ካለ የታመመው ቀዳዳው ነው። ዲዲአር5 የተባለው የራም ትውልድ ያለው ማሽን ግን አዲስ ራም ሲገባለት ከራሙ ጋር ለመለማመድ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል፤ ስክሪኑ ጨልሟል ብሎ ቶሎ የሚያጠፋው ሰው ሥራውን ከሀ ያስጀምረዋል።

ራሙ ደህና ከሆነ የባዮሱን ቅንብር ከፋብሪካ ሲወጣ ወደ ነበረበት መመለስ ይቀራል፦ ኤሌክትሪኩን ነቅሎ ሲአር2032 የምትባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ለ5 ደቂቃ ያህል ማውጣት። ቀንና ሰዓት መሳሳቱ ቀላል ነው። ማሽኑ ከዲስኩ ጋር የሚነጋገርበት የባዮስ ቅንብር ሬይድ ከሚባለው ወደ ኤኤችሲአይ ወይም በተቃራኒው ከተቀየረ ግን ደህና የነበረ ዊንዶውስ የመነሻ ዲስኩን አላገኘሁም ብሎ ሰማያዊ ስክሪን ያመጣል። ስለዚህ ባትሪው ከመነካቱ በፊት ወደ ባዮስ መግባት ከተቻለ ቅንብሩን በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው።

ዊንዶውስ ካልተነሳ

የሚነሳ ዲስክ የለም የሚል መልእክት ከመጣ የተረሳ ፍላሽ ካለ ይነቀል፤ ከዚያ ባዮሱ ዲስኩን ያየው እንደሆነ ይታይ። ካላየው ገመዱን ወይም ኤስኤስዲውን ነቅሎ መሰካት። ሃርድ ዲስኩ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ወዲያው ይጥፋ፤ በተነሳ ቁጥር ጉዳቱ ሊሰፋ ስለሚችል ከጥገናው በፊት ፋይሉን ማትረፍ ይቀድማል። የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ የሆነውን ቼክዲስክን በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ለሰዓታት ማስኬድ ማባባስ ነው።

ዲስኩ ከታየ፣ ዊንዶውስ በተከታታይ ሁለት ጊዜ መነሳት ሲያቅተው በሦስተኛው ራሱ ወደ ጥገና ገጽ ይገባል። እዚያ የመነሻ ጥገና፣ የቅርብ ዝማኔን ማስወገድና በ4 ቁጥር የሚመረጠው፣ ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊ በሆኑት ነገሮች ብቻ የሚነሳበት ሴፍ ሞድ አሉ። ዲስኩ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ በሆነው ቢትሎከር ከተቆለፈ 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ይጠየቃል፤ ቁልፉ ከሌለ ሴፍ ሞድም አይገባም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ በተባለው የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ የተሳሳተ ዝማኔ ሳቢያ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖች ሲወድቁ ማሽኖቹ ምንም አልሆኑም ነበር፤ በብዙዎቹ ላይ የተሠራው በሴፍ ሞድ ገብቶ አንድ ፋይል መሰረዝ ነው።

ሪስታርት ሲደረግ የሚነሳ፣ ሹት ዳውን ተደርጎ ሲበራ ግን የሚያስቸግር ማሽን ፋስት ስታርትአፑ ይጠፋለት። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ሹት ዳውን የሥርዓቱን ከፊል ሁኔታ ዲስክ ላይ አስቀምጦ መዝጋት እንጂ ሙሉ ማጥፋት አይደለም፤ ሪስታርት ግን ከባዶ ይጀምራል። ሰማያዊ ስክሪኑ በየጊዜው የተለየ ስህተት የሚጽፍ ከሆነ ደግሞ ወደ ራሙ መመለስ ነው፦ የራም መፈተሻ ፕሮግራሙን ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስቶ ሌሊቱን ማሳደር፤ አንድ ስህተት ብቻ እንኳ ከተገኘ ራሞቹን አንድ በአንድ እየፈተኑ ጥፋተኛውን መለየት።