በሳሙናና በውሃ መሃል፦ ኔማቲክ ፈሳሽ ክሪስታልን ማጽናት

ከአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬም በሰንዳፋም፣ እቤታቸው ላርጎ ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ሥራው የሚጀምረው ከቴክሳፖን፣ ማለትም እንደ ሊጥ ከወፈረው የፈሳሽ ሳሙና ጥሬ ዕቃ ነው። ባልዲ ውስጥ ያለውን ወፍራም ቴክሳፖን ለማቅጠን ትንሽ ውሃ ጠብ ሲደረግበት ጭራሽ ይጠጥራል። ማማሰያው እንደ ተተከለ ቋሚ ቀጥ ይላል። ውሃ ተጨምሮበት እንዴት ይወፍራል? መልሱ ሊዮትሮፒክ ፈሳሽ ክሪስታል ከሚባለው ነገር ጠባይ ይገኛል፤ እንደ ፈሳሽ እየፈሰሰ ውስጡ እንደ ክሪስታል ሥርዓት ያለው፣ ሥርዓቱም በውሃው መጠን የሚለዋወጥ ነገር ነው።

የሳሙና ሞለኪውል ጭንቅላትና ጭራ አለው። ጭንቅላቱ ውሃ ይወዳል፣ ጭራው ይሸሻል። ስለዚህ ውሃ ውስጥ ጭራዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ሚሴል የሚባል በዓይን የማይታይ ጥቅል ይሠራሉ። 70 በመቶ ሳሙና ያለው ቴክሳፖን ግን ጥቅል ሳይሆን ንብርብር ነው፤ ልክ በሞሰብ እንዳለ እንጀራ። ንብርብሩ ስለሚንሸራተት ይፈስሳል። ውሃ ሲገባበት ይፈርስና ረጃጅም ዘንጎች ይሆናል። ዘንጎቹ እንደ ማር እንጀራ ባለ ስድስት ማዕዘን ሆነው ይጠጋጋሉ። ማማሰያውን የሚይዘው ይህ ነው።

ኔማቲክ የሚባለው ደረጃ ከዚህ ጥብቅ አደራደርና ከተራው ቀጭን ሳሙና መሃል ይገኛል። የጥምቀት ዕለት ታቦት አጅቦ የሚሄደውን ሕዝብ አስቡት። ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሯል፣ የተመደበ ቦታ ያለው ግን የለም። በኔማቲክ ውስጥ ሚሴሎቹ እንዲሁ ናቸው።

ይህን በሳሙና መሰል ድብልቅ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳዩት የአሜሪካው ሳሙና አምራች የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ተመራማሪዎች ላውሰንና ፍላውት ናቸው። ነገሩ ከሳሙና ፋብሪካ ቤተ ሙከራ መውጣቱ ደስ ይለኛል። ሶዲየም ዲሲል ሰልፌት የተባለ ሳሙና መሰል ነገር፣ ዲካኖል የተባለ አልኮል፣ ሶዲየም ሰልፌት የተባለ ጨውና ከባድ ውሃ (ሃይድሮጅኑ ከተራው የሚከብድ ውሃ) ቀላቀሉ። ድብልቁ ማግኔት ውስጥ ሲገባ በራሱ ተሰለፈ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ ዩ እና ሳውፔ የተባሉ ተመራማሪዎች ፖታሲየም ላውሬት በተባለ ሳሙናና በዲካኖል ድብልቅ ሦስተኛ ዓይነት ኔማቲክ አገኙ። ሁለቱ ሚሴላቸው እንደ ዘንግ የረዘመው ዘንጋማውና እንደ ምጣድ የተዘረጋው ምጣድማው ናቸው፤ ሦስተኛው ከእነሱ መሃል የሚገባ፣ በሁለት አቅጣጫ ሥርዓት የሚይዝ፣ ባለ ሁለት ዘንግ የሚባለው ነው።

ችግሩ ማጽናቱ ላይ ነው። ኔማቲክ የሚገኝበት ክልል ጠባብ ነው። ሚሴሉ በጣም ከረዘመ ወደ ባለ ስድስት ማዕዘኑ ይሄዳል፣ በጣም ከተዘረጋ ወደ ንብርብሩ። መሃል ላይ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ዲካኖል ነው። በሳሙናው ጭንቅላቶች መሃል ይሰገሰግና የሚሴሉን ጉብታ ያለዝበዋል፤ ሲበዛ ዘንጉን ወደ ምጣድ ይለውጠዋል። በፖታሲየም ላውሬቱ ድብልቅ ውስጥ ከመቶ 6 ወይም 7 እጅ ያህል ይበቃል። ሁለተኛው ጨው ነው። የሳሙናው ጭንቅላቶች ተመሳሳይ ኤሌክትሪክ ስላላቸው ይገፋፋሉ። ጨው ግፊያውን ሲያበርድ ይቀራረባሉ፣ ሚሴሉም ያድጋል። ላርጎ ሠሪዎች ይህን በእጃቸው ያውቁታል። ጨው ሲነሰነስ ሳሙናው ይወፍራል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ተመልሶ ይቀጥናል። የገበያው ላርጎ ግን ውሃው ስለሚበዛ ኔማቲክ ደረጃ አይደርስም።

ሥርዓቱን በዓይን ማየት ይቻላል። ቴክሳፖኑን በጠራ ብርጭቆ አድርጉና ነጭ ብርሃን ከሚያሳይ የላፕቶፕ ስክሪን ፊት አስቀምጡት። ከዚያ ፖላራይዝድ መነጽር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገብ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ) እያዞራችሁ ተመልከቱ። ስክሪኑ በሚጨልምበት ማዕዘን ላይ ቴክሳፖኑ ብቻውን ያበራል፤ የሞለኪውሎቹ ሥርዓት በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚለውጠው ነው። ቀጭኑ ላርጎ በዚያው ቦታ ከስክሪኑ ጋር አብሮ ይጨልማል።

ሙቀትም ወሳኝ ነው። ባለ ሁለት ዘንጉ ኔማቲክ የሚጸናበት የሙቀት ክልል ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዲግሪ አይሰፋም። በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ዳርቻ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፣ ቀኑ ደግሞ ከ20 ያልፋል። ስለዚህ እዚህ የሚሞክር ሰው ሙቀቱ የማይለዋወጥ የውሃ ገንዳ ያስፈልገዋል። ጠርሙሱም በደንብ ይታሸግ፤ ትንሽ ውሃ ከተነነ ድብልቁ ከዚያች ጠባብ ክልል ይወጣል።