ማተርሆርን ምንድን ነው?

ማተርሆርን በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር ላይ የሚገኝ፣ 4,478 ሜትር ከፍታ ያለው የአልፕስ ተራራ ነው። ጣሊያኖች ቸርቪኖ ይሉታል። ከፍታው ብቻውን የሚያስደንቅ አይደለም፤ የእኛ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል፣ በአልፕስም ውስጥ ሞን ብላንን ጨምሮ የሚበልጡት አሉ። ታዋቂ ያደረገው ቅርጹ ነው፦ ከጎረቤቶቹ ተነጥሎ የቆመ፣ አራት ፊትና አራት ሸንተረር ያለው፣ ጫፉ ጥቂት ያዘመመ ሾጣጣ። ለእኔ ግን ከቅርጹ ይልቅ የሚገርመው የድንጋዩ አደራረብ ነው።

በተለመደው ሥርዓት አሮጌ ድንጋይ ከሥር፣ አዲሱ ከላይ ይተኛል። ማተርሆርን ላይ ይህ ተገልብጧል። ግርጌው ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአውሮፓና በአፍሪካ መካከል ተዘርግቶ ከነበረ ውቅያኖስ የተረፈ ነው፤ የባሕር ወለል ባዛልት፣ ሰርፐንቲናይት የሚባል አረንጓዴ ድንጋይ፣ ከባሕር ጭቃ የተሠራና ገጽ ገጹ የሚላቀቅ ድንጋይ ይገኝበታል። ከዚያ በላይ ያለው፣ ከሩቅ የምናየው ሾጣጣ፣ በአብዛኛው ናይስ ነው፤ ግራናይት የነበረ፣ በሙቀትና በግፊት ተለውጦ መስመር መስመር ያወጣ ጠንካራ ድንጋይ። የዚህ ግራናይት ዕድሜ ከ250 ሚሊዮን ዓመት ይበልጣል። ከሥሩ ያለው ባሕር ገና ሳይፈጠር እርሱ ነበረ ማለት ነው።

ታዲያ አሮጌው እንዴት ከላይ ወጣ? የአፍሪካ ቴክቶኒክ ፕሌት፣ ማለትም አህጉሩን የተሸከመው ግዙፍ የምድር ውጫዊ ንጣፍ፣ ወደ ሰሜን ሲገፋ፣ ከፊቱ አድሪያ የምትባል ቁራሽ ነበረች። በእርሷና በአውሮፓ መካከል የነበረው ውቅያኖስ ጠበበ፣ ወለሉም በአድሪያ ሥር እየገባ ሰመጠ። ከተራራው በስተደቡብ፣ በኢጣሊያ በኩል፣ በቺኛና ሐይቅ አጠገብ የተገኙ ማዕድናት ከዚያ ወለል ከፊሉ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ጥልቁ ወርዶ እንደተመለሰ ያሳያሉ። ባሕሩ ተዘግቶ መሬት ከመሬት ሲላተም ደግሞ ከአድሪያ ጠርዝ የተላጠ ሰፊ ንጣፍ በባሕሩ ቅሪት ላይ ተገፍቶ ተደረበ። ጂኦሎጂስቶች እንዲህ ከቦታው ተነቅሎ ሩቅ የተጓዘ ንጣፍ ናፕ ይሉታል። ለዚህ ነው አስጎብኚዎች «ማተርሆርን አፍሪካዊ ነው» ማለት የሚወዱት። አባባሉ ጥሩ ማስታወቂያ ነው፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ከአፍሪካ ወገን የሆነው የላይኛው ክፍል ብቻ ነው፣ አድሪያንም ብዙ ተመራማሪዎች ራሷን እንደቻለች ትንሽ ፕሌት ይቆጥሯታል።

ቅርጹ ከዚህ ሁሉ በጣም ዘግይቶ የመጣ ነው። በበረዶ ዘመናት ተራራውን ከየአቅጣጫው የከበቡት የበረዶ ግግሮች እያንዳንዳቸው የተቀመጡበትን ጎን ጎደጎዱት። ጎድጓዳዎቹ ወደ ኋላ እየበሉ ሲቀራረቡ በመካከላቸው ስል ሸንተረር ቀረ፤ ሸንተረሮቹ የተገናኙበት ጫፍ ሆነ። ዛሬም ሥራው አላቆመም። በስንጥቅ ውስጥ የገባ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፣ ድንጋዩንም ይፈለቅቃል። ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጠው የስንጥቅ ውስጥ በረዶ ደግሞ እንደ ማጣበቂያ ያገለግላል፤ እርሱ ሲሟሟ ድንጋይ ይናዳል። በ2003 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የአውሮፓ የሙቀት ማዕበል ከአራቱ ሸንተረሮች አንዱ በሆነው በሆርንሊ ላይ ናዳ ደርሶ ብዙ ተራራ ወጪዎች በሄሊኮፕተር እንዲወርዱ ተደርጓል። ተራራው ይወዛወዛልም። በጫፉ ላይ የንዝረት መለኪያ የተከሉ ተመራማሪዎች በ2021 ባወጡት ጥናት ማተርሆርን በሁለት ሰከንድ ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ወዲህና ወዲያ እንደሚል ለኩ። እንቅስቃሴው ለዓይን አይታይም፤ ጫፉ ላይ ግን ከግርጌው እስከ 14 እጥፍ ይበረታል።

ሰው ጫፉን የረገጠው ሐምሌ 14 ቀን 1865 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ዊምፐር የነበረበት ሰባት ሰው ያለው ቡድን ከስዊዘርላንድ በኩል ወጣ፤ ሲወርዱ አንዱ አዳልጦት ሌሎቹን ጎተተ፣ ገመዱ ተበጠሰ፣ አራቱ ሞቱ። የተበጠሰው ገመድ ዛሬም በስዊዘርላንድ በኩል በተራራው ግርጌ ባለችው በዘርማት ከተማ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ቀጭንነቱን ያየ ሰው ለምን ተበጠሰ ብሎ አይጠይቅም።

ለእግረኛ ጫፉ አያስፈልግም። በነዳጅ የሚሠራ የግል መኪና ወደ ዘርማት ስለማይገባ መኪናውን በአቅራቢያዋ ባለችው የቴሽ መንደር ትቶ በባቡር መግባት ነው። ከዚያ ቀላሉ ምርጫ ከ1898 ጀምሮ በሚሠራው የጎርነርግራት ባቡር ሮተንቦደን ድረስ ወጥቶ፣ ነፋስ በሌለበት ማለዳ ተራራው ተገልብጦ ወደሚታይበት ሪፈልዜ ኩሬ መውረድ ነው። ፎቶ አንሺ ስለሚበዛበት እኔ ሌላውን እመርጣለሁ፦ ኬብል ካር ከሚደርስበት ከሽቫርትስዜ ተነሥቶ በ3,260 ሜትር ላይ ወዳለው የሆርንሊ ማረፊያ ቤት የሚወስደውን ዳገት። ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል፣ በከፊል በብረት መሰላልና ድልድይ ይታለፋል፣ እግር የሚረግጠውም የዚያ የጠፋ ባሕር ድንጋይ ነው። ናይሱ የሚጀምረው ከቤቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው።

በእነዚህ ገደሎች የዋልያችን ዘመድ የሆነው የአልፕስ አይቤክስ ይታያል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአደን ሊጠፋ ደርሶ የተረፈው በኢጣሊያ ግራን ፓራዲሶ ብቻ ነበር፤ በ1856 የንጉሥ አደን ቦታ፣ በ1922 ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ስፍራ። ዛሬ በአልፕስ ያሉት ሁሉ ከዚያ መንጋ የወጡ ናቸው።

ከማረፊያ ቤቱ በላይ የእግር መንገድ የለም፤ ገመድ፣ ልምድና አስጎብኚ ይጠይቃል። ቤቱ የሚከፈተው በአውሮፓ የበጋ ወራት ብቻ ስለሆነ አስቀድሞ ማጣራት፣ ለመመለስም ሽቫርትስዜ ላይ የመጨረሻው ኬብል ካር የሚሄድበትን ሰዓት ማወቅ ያስፈልጋል።