የመንጋ መድኃኒት ምንድን ነው?

የመንጋ መድኃኒት የሚባለው በምናባዊ ዓለም የሚኖሩ ተኩላዎች ለቁስል፣ ለትኩሳት፣ ለሆድ ትልና ለእከክ የሚገለገሉባቸው ዕፀዋትና ድንጋዮች ነው። የቅጠልና የድንጋይ ስም መደርደር ብቻውን ግን መድኃኒት አይሆንም። ማን እንደሚያመጣው፣ በምን እንደሚዘጋጅ፣ ስንት እንደሚሰጥ፣ ሲበዛ ምን እንደሚያደርግና መቼ እንደማይሠራ መታወቅ አለበት። አራት ኪሎ ወይም ፒያሳ ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ከብባችሁ የተኩላ ገጸ ባሕርይ ለምትጫወቱም፣ ልብ ወለድ ለምትጽፉም ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁሉን የሚፈውስ ሰማያዊ ድንጋይ ባለበት ታሪክ ውስጥ አንባቢን የሚያስጨንቅ ቁስል አይኖርም።

መነሻው የተኩላው አካል ነው። ተኩላ እጅ የለውም፤ አይፈጭም፣ አያስርም፣ አያንጠፍፍም። መንጋጋው ወደ ላይና ወደ ታች እንጂ እንደ በግ ወደ ጎን ስለማይሄድ ቅጠል አያደቅም፤ ይቆራርጣል እንጂ። ለዓለማችሁ ምሳሌ የሚሆን እንስሳ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። ቀይ ቀበሮ አለ፤ ስሙ ቀበሮ ቢሆንም የተኩላ የቅርብ ዘመድ ነው። በባሌ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳና በሌሎች ጥቂት ደጋዎች፣ ባብዛኛው ከ3000 ሜትር ከፍታ በላይ ይኖራል፤ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች ነው። ክብደቱ ከ11 እስከ 19 ኪሎ ይደርሳል። አይጥ ሲያድን ብቻውን ነው፤ መንጋው የሚሰባሰበው በተለይ ንጋትና ምሽት ላይ ነው። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ነገር ታገኛላችሁ፤ ቀን የቆሰለውን ማንም አያየውም፣ መድኃኒተኛው ሥራ የሚጀምረው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ደግሞም በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት የባሌ ቀይ ቀበሮዎች ችቦ ከሚመስለው የደጋ አበባ ማር ሲልሱ መታየታቸውን አረጋግጧል። ሥጋ በል አውሬ ወደ አበባ ሄደ ብላችሁ ብትጽፉ አታፍሩም።

ከአካሉ የሚወጣው ዋናው ሕግ ይህ ነው፦ ቆዳ ላይ የተቀባ ሁሉ ይላሳል። ለሰው «ለውጪ ብቻ» የሚባል ቅባት አለ፤ ለተኩላ የለም። ቁስል ላይ ያደረጋችሁት ሁሉ በሰዓታት ውስጥ ሆዱ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዕፅ ሁለት ጊዜ ጠይቁት፤ ቆዳ ላይ ምን ያደርጋል? ሲዋጥስ?

እሬትን ውሰዱ። ቅጠሉን ስትቆርጡት ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ኃይለኛ አስቀማጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ጥርት ያለ ልዝብ ግን የተቃጠለ ቆዳን ያበርዳል። የችኮላ መድኃኒተኛ ቅጠሉን ነክሶ እንዳለ ቁስሉ ላይ ይጭነዋል፤ ታማሚው ይልሰዋል፣ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው ያድራል፣ ውኃ ያጣ ሰውነት ደግሞ ቁስልን አይሸከምም። ትክክለኛው አሠራር ቅጠሉን ከግርጌው ነክሶ መቁረጥ፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጎ ድንጋይ ላይ ማስደገፍ፣ ቢጫው ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ፣ ከዚያ ልጣጩን በፊት ጥርስ ገፎ ልዝቡን ብቻ መውሰድ ነው። ግራዋ ከጎኑ ይገባል። ቁስሉ ውስጥ ሳይሆን ዙሪያውን፣ ፀጉሩ ላይ ይታሻል፤ ምሬቱ ምላስን ስለሚያባርር ቁስሉ ሳይነካካ ያድራል። በጨዋታ ሕግ ስትጽፉት «ግራዋ አይፈውስም፣ ጊዜ ይገዛል» በሉ። ዝናብ ካጠበው ደግሞ ይታደሳል።

ጤና አዳም የምታውቁት ከቡና ስኒ ነው፤ ስለዚህ የዋህ ይመስላል። ጭማቂው የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ግን ይቃጠላል፣ ውኃ ይቋጥራል። ፀጉር የሸፈነው ቦታ ይተርፋል፤ አፍንጫ፣ ሆድና የጆሮ ውስጥ አይተርፍም። ስለዚህ የሚታሸው ከመሸ በኋላ ነው፣ ከንጋት በፊትም መታጠብ አለበት። ላረገዘች አይሰጥም፤ ፅንስ ያስወርዳል። ለትኩሳት ዳማከሴ ይሻላል። በየሰፈሩ ለምች እንደሚደረገው ትኩስ ቅጠሉ ይታሻል፣ ጠረኑ ይማጋል። ኃይሉ በሚተን ዘይቱ ላይ ስለሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ይሠራበታል። ተኩላ በአፉ ይዞ ግማሽ ቀን ከተጓዘ ምራቁ አርጥቦት፣ ጥርሱ ዘልዝሎት፣ ሲደርስ የቀረው ጭራሮ ነው። መፍትሔው ቅርንጫፉን ሳያኝኩ በግንዱ ይዞ መምጣት ነው። ጦስኝን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ጠረኑ ስለሚያይል የታከመው ተኩላ ለአንድ ቀን ያህል ዱካ አያሸትም በሉ፤ መንጋው አንድ አዳኝ አጥቶ ያድራል።

በጣም ልትደክሙበት የሚገባው ኮሶ ነው። ዛፉ ከፍ ባለ ደጋ ይበቅላል፤ ተኩላ ስለማይወጣበት የሚጠቀመው የረገፈውን ነው። የሚፈለገው ወደ ቀይ የሚያደላው የሴቴው አበባ ነው። አንድ መለኪያ አብጁ፤ በፊት ጥርስ መሐል የሚያዝ ቅጠል ወይም አበባ «አንድ ንክሻ» ይባል፣ 5 ግራም ነው ብላችሁ ወስኑ። የቀድሞ የአውሮፓ መድኃኒት መጻሕፍት ለአዋቂ ሰው እስከ 15 ግራም ገደማ የኮሶ አበባ ያዙ ነበር። ሰውየው 60 ኪሎ ቢሆንና ተኩላችሁ 15 ኪሎ ቢመዝን ሩቡ ይበቃዋል፤ ማለትም አንድ ንክሻ የማይሞላ። አበባው በድንጋይ ጉድጓድ በተጠራቀመ ውኃ ከምሽት ጀምሮ ይዘፈዘፋል፤ ታማሚው ሳይበላ አድሮ ንጋት ላይ አበባውንም ውኃውንም ይወስዳል። እስኪያስቀምጠው ድረስ ሥጋ አይቀምስም።

የሚበላሸው ብዙ ቦታ ላይ ነው። መጠኑ ከበዛ ያስመልሳል፣ ያዝላል፣ ዓይን እስከማጥፋትም ይደርሳል። ላረገዘች ክልክል ነው። ትሉ ወጥቶ ጭንቅላቱ ከቀረ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ተመልሶ ያድጋል፤ አባቶቻችን በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ የነበረውም ጥሬ ሥጋ እየበሉ ትሉ ስለሚመለስባቸው ነው። ለመንጋ ትልቁ ችግር ግን ከመድኃኒቱ በኋላ ያለው ነው። የትሉ እንቁላል ከኩስ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ ሣሩን የጋጠው በግ ወይም አይጥ ውስጥ ያድጋል፣ ተኩላውም እሱን በልቶ ዳግም ይይዘዋል። ስለዚህ መድኃኒተኛው ታማሚውን ከጉድጓዱና ከአደን ሜዳው ርቆ ወደሚገኝ ቋጥኝ ይወስደዋል። ይህን ቦታ በካርታችሁ ላይ አስቀምጡት።

እንዶድ ከሆድ ውጪ ነው የሚሠራው። ፍሬው ውኃ ውስጥ ሲረገጥ አረፋ ይሰጣል፤ ቁንጫና ቆሻሻ ያጥባል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ምርምራቸውን የጀመሩት። አረፋው ለዓሣም መርዝ ነው። ከወንዙ ራስ የታጠበ ተኩላ ከታች ያለውን የሌላ መንጋ ዓሣ ይፈጃል፤ ጦርነት የሚያስነሳ ምክንያት ከፈለጋችሁ ይኸው።

አንድ ነገር ደግሞ ከነጭራሹ መከልከል አለበት፦ ሽንኩርት፣ ነጩም ቀዩም። በየቤታችን ለጉንፋን የሚቀድመው ነጭ ሽንኩርት ስለሆነ ጸሐፊዎች ሳያስቡት ለተኩላ ይሰጡታል። የውሻ ዘር ሲበላው ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈርሳል። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ደሙን ለመጉዳት ይበቃል፤ ለ15 ኪሎ ተኩላ ከ225 እስከ 450 ግራም ማለት ነው። ነጩ ደግሞ ከዚያ ባነሰ መጠን ይጎዳል። ምልክቱ ወዲያው አይታይም፤ ከቀናት በኋላ ድድ ይገረጣል፣ ሽንት ይጠቁራል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል። ከሰው መንደር መድኃኒት ሰርቃ የመጣች ወጣት መድኃኒተኛ ይህን ብትሠራ ጥፋቷን የምታውቀው ዘግይታ ነው። (ከዚህ ጽሑፍ ምንም ነገር ቤት ላለ ውሻ አይሰጥም፤ ለእሱ የእንስሳት ሐኪም አለ።)

ወደ ድንጋዮቹ ስንመጣ፣ ምትሃቱን እውነተኛ ጠባይ ላይ መትከል ይሻላል። ድንጋይ የሚያዘው በአፍ ስለሆነ የመዋጥ አደጋ አለው፤ የተዋጠ ድንጋይ አንጀት ይዘጋል፣ የተነከሰ ድንጋይ ጥርስ ይሰብራል። ስለዚህ ከጉሮሮ የሚያልፍ ትንሽ ድንጋይ አትስጧቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው የወሎ ኦፓል ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው ኦፓል ውኃ ይጠጣል፦ ሲዘፈዘፍ ውስጡ የሚንቦገቦገው ቀለም ይጠፋና እንደ መስታወት ይጠራል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። በችኮላ ወይም በሙቀት ከደረቀ ይሰነጠቃል። ባለቀለም ፈሳሽና ዘይትም ይመጥጣል። አሁን ምትሃቱን ጨምሩበት። ድንጋዩ ትኩሳት ይጠጣል፤ ከጠራ ሞልቷል። አንድ ድንጋይ በአንድ ሌሊት አንድ ተኩላ ብቻ ያክማል፣ ከዚያ ሦስት ቀን ጥላ ውስጥ ይደርቃል። የቸኮለ ሰው ፀሐይ ላይ ካሰጣው ይሰነጠቅና የጠጣውን ትኩሳት አጠገቡ ላለው ይተፋል። ደም የነካው ደግሞ ቀለሙ አይመለስም፣ ሞልቶ ይሁን ደርቆ አይለይም። ሁለት ድንጋይና አምስት ታማሚ ያለው መድኃኒተኛ ምን ያህል እንደሚጨነቅ አስቡት። ድንጋዩን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ቸርችል ጎዳና ያሉ የስጦታ ዕቃ ሱቆች ይሸጡታል፤ ደረቁንና ውኃ ውስጥ የተቀመጠውን አነጻጽሩ።

ባልጩት ምትሃት ሳይጨመርበትም ይበቃል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መልካ ቁንጡሬ ላይ የጥንት ሰዎች መሣሪያ ሠርተውበታል። ተኩላ በጥርሱ ይዞ እንዳይቆርጥበት ከንፈሩን ይቀደዋል። ስለዚህ ስለቱ ወደ ላይ ሆኖ መሬት ውስጥ ይቀበራል፤ የሚንቀሳቀሰው ታማሚው ነው። እብጠቱ ሳይበስል አይነካም፤ ሲለሰልስ ዝቅ ካለው ጎኑ ይከፈታል፣ አለዚያ መግሉ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በጨው ውኃ ይታጠባል። ለቁስል የሚስማማው በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው ነው፤ ሚዛን የሌለው ተኩላ ግን የሚጠቀመው በአሞሌ ድንጋይ ሥር በተጠራቀመ ኩሬ ነው። ከዝናብ በኋላ ይስማማል፣ በበጋ ውኃው ሲመጥ ጨው ይበዛበትና ቁስል ያቃጥላል። ሲላስም ያስጠማል፤ ከበዛ ይመርዛል።

ለእከክ ድኝ አለ፤ አንድ እጅ ከአሥር እጅ ጮማ ጋር በመዳፍ ይለወሳል። አንድ ጊዜ ቀብቶ መተው ከንቱ ነው፣ እንቁላሉ ስለሚፈለፈል። እስከ ሦስት ሳምንት ይደጋገማል፤ መንጋውም መኝታውን ይለውጣል። ድኝ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፤ ጭሱ ሳንባ ያንቃል።

ዕፀዋቱን ከመጻፋችሁ በፊት ከየጉልቱ አንድ እስር ዳማከሴና ጤና አዳም ገዝታችሁ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑ፣ አንድ ንክሻ ምን እንደሚያክል እዩ፣ በየሰዓቱ እያሸተታችሁ ጠረኑ መቼ እንደሚደክም መዝግቡ። ጤና አዳሙን ከነካችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ ሳትወጡ እጃችሁን ታጠቡ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ግቢ ውስጥ የደረቁ ናሙናዎች የሚቀመጡበት ብሔራዊ የዕፀዋት ማዕከልና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አሉ፤ በሙዚየሙ ያሉ እንስሳትን አፍ ማየት ብቻ ስለ ንክሻ ብዙ ያስተምራል።

የቀረው የዕውቀቱ ባለቤት ነው። በአገራችን የመድኃኒት ዕውቀት በምስጢር ይያዛል፤ አባት ለመረጠው ልጅ ያወርሳል እንጂ ለሁሉ አይናገርም። ይህን ለመንጋው ስጡት። ኮሶውን የምታውቀው አሮጊቷ፣ ኦፓሉን የሚጠብቀው ሌላ፣ ባልጩቱ የተቀበረበትን ቦታ የሚያውቀው ሦስተኛ ይሁን። ለጨዋታው ለእያንዳንዱ መድኃኒት አንድ ካርድ አዘጋጁ፣ በካርዱም ላይ ከመጠኑ በታች የሚያውቀውን ተኩላ ስም ጻፉ፤ ያ ተኩላ ሲሞት ምስጢሩን ለማንም ካላወረሰ ካርዱ ከጨዋታው ይወጣል።