«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ይሄን አባባል ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም፣ እድር ስብሰባ ላይ ይባላል፣ የሰርግ ኮሚቴ ይለዋል፣ ለቤተክርስቲያን ህንፃ መዋጮ ሲጠየቅም መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ነው። ትርጉሙ ሲጠየቅ ብዙ ሰው «ተባበሩ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፣ ግን ሀዘን የገባበት ቤት አጠገብ ሆናችሁ ስታስቡት ሌላ ነገርም አለው።

እስቲ መጀመሪያ ሎሚዋን እንያት። ሃምሳ የኛ ትንንሽ ሎሚ ቢመዘን እኮ ሦስት ኪሎ ቢሆን ነው፣ ማንም ጎረምሳ በፌስታል አንጠልጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ ነገሩ የኪሎ አይደለም። ያለ ዘንቢል ያለ ፌስታል በባዶ እጅህ ያዝ ብትባል ግን አስሩን አቅፈህ አስራ አንደኛውን ስታነሳ ሦስቱ ይወድቃሉ፣ እነሱን ልለቅም ስትል ደሞ የያዝከው ሁሉ ይበተናል። ሰው የሞተበት ወይ የታመመበት ሰው ቀኑ እንደዛ ነው የሚሆነው፣ ለዘመድ መደወል፣ ከመስሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ፣ ልጆቹ በልተዋል ወይ ምናምን፣ አንድ በአንድ ስታየው ሁሉም ቀላል ነው አንድ ላይ ሲመጣ ግን እጅ አይበቃም።

«ጌጡ» የምትለዋ ደሞ ከሌላ ቦታ ነው የምትመጣው። ሎሚ አንድ ብቻ ሲሆን ሰው በእጁ ይዞ እያሸተተ የሚሄደው ነገር ነው፣ ጥምቀት ላይ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ የሚመታትም ለዛ ነው፣ ሎሚ የበዓልና የማማር ነገር ስለሆነ። ልብ በሉ፣ ሎሚው አልቀነሰም፣ ሃምሳው አሁንም ሃምሳ ነው። እኔ ይሄን አባባል የምወደው እዚህ ጋ ነው፣ «እርሳው ያልፋል» ብሎ ሸክሙን አይክድም፣ ተከፋፈሉት ነው የሚለው።

ይሄ ደሞ ገላትያ ምዕራፍ 6 ላይ ቁጭ ብሏል። ጳውሎስ ቁጥር 2 ላይ አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም፣ የክርስቶስን ህግ የምትፈጽሙት እንደዚህ ነው ይላል፣ ትንሽ ወረድ ብሎ ቁጥር 5 ላይ ደሞ እያንዳንዱ የራሱን ሸክም ይሸከማል ይላል። የሚጋጭ ነው የሚመስለው አይደል? ሎሚውን ስታስቡ ግን አይጋጭም፣ የሌላውን ሸክም ስትካፈል ላንተ የምትደርስህ አንዷ ሎሚ ያንተ ሆናለች፣ እሷን ለሌላ ሰው አታቀብልም።

እኛ ጅማ ይሄን በአይናችን ነው የምናየው። ከሄርማታ እስከ አጂፕ የትኛውም ሰፈር ለቅሶ ሲኖር የእድሩ ድንኳን መንገድ ዳር ይተከላል፣ የጅማ ዝናብ ደሞ ለቅሶ ነው ብሎ አይምርም፣ ሸራው መሀል ላይ ውሃ ሲያቁር አንዱ ልጅ በእንጨት ከስር ገፋ አድርጎ ያፈሰዋል፣ ያቺ የሱ ሎሚ ናት። አንዷ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ አንዱ በባጃጅ መናኸሪያ ሄዶ ከአጋሮ የሚመጡትን ዘመዶች ይቀበላል፣ አንዷ ህፃናቱን ቤቷ ወስዳ ታሳድራለች። ሙስሊሟ ጎረቤት ቡናውን ተረክባ ስታፈላ ትውላለች፣ በኦሮምኛ «ረቢ ኢሲን ሃ ጀጀቤሱ»፣ ፈጣሪ ያበርታችሁ ብላ ትገባለች፣ ቄሱ ደሞ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይላሉ፣ ወንጌላዊው መዝሙርና የማጽናኛ ቃል ይዞ ይመጣል፣ ማንም ማንንም አይከለክልም።

ቃል ይዞ መምጣት ላይ ግን አንድ ነገር ልበል። የኢዮብ ሦስት ጓደኞች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ሲቀመጡ አንድ ቃል አልተናገሩም፣ እስከዛ ድረስ ጥሩ ለቀስተኞች ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው አፋቸውን ከፍተው «መቼም ሳታጠፋ ይሄ አይደርስብህም» ማለት ሲጀምሩ ነው፣ ኢዮብ ምዕራፍ 16 ላይ የምታደክሙ አጽናኞች ናችሁ አላቸው። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እግዜር ለበጎ ነው» እያለ የሚሰብክ ሰው ሎሚ አላነሳም፣ ሃምሳ አንደኛ ሎሚ ነው የጨመረው። ጌታ ራሱ የአልዓዛር መቃብር ጋ ሲሄድ እንደሚያስነሳው እያወቀ ነው ያለቀሰው።

የሰው መከራ እንዴት ጌጥ ይሆናል ለሚል ደሞ ቀሬናዊውን ስምዖንን ያስብ። ከገጠር ሲመጣ አስገድደው ነው መስቀሉን ያሸከሙት፣ ወዶ እንኳን አይደለም። ማርቆስ 15፥21 ግን «የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት» ብሎ ይጠራዋል፣ ማለትም ሲጻፍ ልጆቹ በስም የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ያን ቀን ሸክም የነበረው ይሄው እስከዛሬ በየሕማማቱ ስሙ የሚነሳበት ሆኗል።

አባባሉን ስንጠቀም መጠንቀቅ ያለብን ለማን እንደምንለው ነው። ለሀዘንተኛው አይባልም፣ እሱ እጁ ሙሉ ነው፣ የሚባለው ለአርባ ዘጠኙ ነው፣ ለዛውም ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀልና ሰው ወደየስራው ሲበተን ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው፣ የዛን ሳምንት ነው ብዙ ሎሚ መሬት ላይ የሚቀረው። የልደት ኬክ መዋጮ ለመሰብሰብ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይሄን አባባል የምትለጥፉ ደሞ አላችሁ፣ ኬክ እኮ ለአንድ ሰውም ሸክም አይደለም።