የፍሬን ብናኝ ምንድን ነው? ጣርማ በርን ለሚወርድ ሰው

መኪናችሁን አሳጥባችሁ ሳምንት ሳይሞላ የፊት ቸርኬዎች ላይ ጥቁር ነገር ተለጥፎ ታያላችሁ። የኋላዎቹ ግን ደህና ናቸው። ብዙ ሰው የመንገድ አቧራ ይመስለዋል። የደብረ ብርሃን አቧራ ግን እንዲህ አይጠቁርም። ደግሞስ አቧራ የፊቱን መርጦ የኋላውን ይተዋል? ይህ ጥቁር ነገር የፍሬን ብናኝ ነው። የመኪናችሁ ፍሬን እየተፋቀ የሚያወጣው ዱቄት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ የፍሬን ዘይቱ ይገፋል። ግፊቱ ካሊፐር የሚባለው ክፍል ጋ ሲደርስ ሸራ የሚባሉ ሁለት የፍሬን ቁራጮች ከግራና ከቀኝ ሆነው ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ጨምድደው ይይዙታል። መኪናው የሚቆመው በዚህ ፍትጊያ ነው። በተፋተጉ ቁጥር ከሸራውም ከዲስኩም ትንሽ ትንሽ ይበላል። የተበላው ደቅቆ በቸርኬው ክፍተት ይወጣል። ከፊሉ ከነፋስ ጋር ይሄዳል፣ ከፊሉ ቸርኬው ላይ ይቀመጣል።

ዲስኩ ብረት ነው። ሸራው ደግሞ የብዙ ነገር ድብልቅ ነው፦ የብረትና የመዳብ ብጥስጣሽ፣ ግራፋይት፣ የማዕድን ዱቄት፣ ሁሉንም አጣብቆ የሚይዝ ሙጫ። ብናኙን የሚያጠቁረው በተለይ ግራፋይቱና የተቃጠለው ሙጫ ነው። ብረቱን በዓይናችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አውጡ። በፌስታል ጠቅልሉትና ቸርኬው ላይ ወዳለው ደረቅ ብናኝ አስጠጉት። ጥቁሩ ዱቄት ብድግ ብሎ ይለጠፍበታል። በጣታችሁ ብትነኩት ደግሞ ልስልስ ያለ ነው፤ ጣት ላይ ገብቶ ቶሎ አይለቅም።

ለምን ፊት ላይ በዛ? ፍሬን ሲያዝ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ይወረወራል። ተሳፋሪው ወደ ፊት እንደሚሄደው ማለት ነው። ስለዚህ ከሥራው አብዛኛውን፣ ብዙ ጊዜ 70 በመቶ ያህሉን፣ የፊት ፍሬን ይሠራዋል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ቪትዝና ኮሮላዎች ከኋላ ዲስክ የላቸውም፤ ታምቡር ነው ያላቸው። በታምቡር ፍሬን ሸራው ተከድኖ ስለሚሠራ ብናኙ እዚያው ውስጥ ይጠራቀማል። የኋላ ቸርኬ ንጹህ መስሎ የሚታየው ለዚህ ነው። ብናኙ የለም ማለት አይደለም፤ ተደብቋል።

እኛ ሰሜን ሸዋ ያለን ሰዎች ይህን ጉዳይ ጠበቅ አድርገን መያዝ ያለብን በመንገዳችን ምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር አብዛኛው ሜዳ ነው። ሸኖንና ጫጫን አልፎ እስኪደርስ ድረስ ፍሬን ብዙም አይደክምም። ጣርማ በር ግን ሌላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለ ቦታ ላይ፣ ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፋችሁ እንደወጣችሁ መሬቱ ከፊታችሁ ይወርዳል። መንገዱ እየተጠማዘዘ ደብረ ሲና ይገባል፣ ከዚያ አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ብርድ ልብስ የሚያስናፍቅ አገር ለቃችሁ ላብ የሚያጠምቅ አገር የምትገቡት ይህን ሁሉ ቁልቁለት ወርዳችሁ ነው።

ይህ ቁልቁለት ለፍሬን ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን የቤት መኪና 1,000 ሜትር ወደ ታች ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ያ ጉልበት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ከፊሉን ነፋሱ ይወስደዋል። ሞተሩም በማርሽ ከተያዘ ብዙውን ይሸከማል። ሹፌሩ በትልቅ ማርሽ ወይም ጭራሽ ከማርሽ አውጥቶ ከለቀቀው ግን ሸክሙ ፍሬን ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ዲስኩ ይግላል፣ ሸራው ይቃጠላል፣ ብናኙም በአንድ ጉዞ ብቻ ቸርኬውን ያለብሰዋል። ተሳፋሪ የሞላ ዶልፊን ወይም ጭነት ያለበት አይሱዙ ሲሆን ደግሞ ስንት እጥፍ እንደሚሆን አስቡት።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ከማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሰው አለ። እባካችሁ ይህን ተዉት። የዘመኑ ኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ተይዞ ሲወርድ እግራችሁን ከነዳጅ ካነሳችሁ ራሱ ነዳጁን ይዘጋዋል። ከማርሽ ሲወጣ ግን ላለመጥፋት ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ስለዚህ ቁጠባውም የለም። አንድ ዳገት በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ውረዱት። አውቶማቲክ ከሆነ «ኤል» ወይም «2» ላይ አድርጉት። ፍሬኑን ረገጥ አድርጎ ፍጥነቱን ቀንሶ መልቀቅ፣ እንደገና ረገጥ አድርጎ መልቀቅ ነው እንጂ እግርን ፔዳሉ ላይ አስቀምጦ መውረድ ሸራ ማቃጠል ነው።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ለመግዛት ስትቆሙ መኪናችሁን በአፍንጫችሁ መርምሩት። የተቃጠለ ሸራ ሽታ የታወቀ ነው፤ ይሰነፍጣል፣ ይከረክራል። ከሸተታችሁ ትንሽ ቆዩ። ሻይ ጠጡ። ቸርኬው ላይ ውሃ እንዳታፈሱ፣ ሌላ ሰውም እንዳያፈስ ከልክሉ። ወደ ቸርኬው ጠጋ ብላችሁ የእጃችሁን መዳፍ ሳታስነኩ ዘርጉና ሙቀቱን ከአራቱም አወዳድሩ። ሁለቱ የፊት ቸርኬዎች እኩል ቢሞቁ ያለ ነው። አንዱ ለብቻው የሚጋረፍ ከሆነ ግን ነገር አለ።

እዚህ ላይ ብናኙን የማንበብ ጉዳይ ይመጣል። ለእኔ ከማጠቡ ይልቅ ይሄኛው ይበልጣል። ላቫጆ ከመግባታችሁ በፊት መኪናውን አንዴ ዙሩት። የፊት ግራና የፊት ቀኝ ቸርኬ እኩል መጥቆር አለባቸው። አንዱ ከሌላው በጣም ከጠቆረ ካሊፐሩ ይዟል ማለት ሊሆን ይችላል፤ እግራችሁን ብታነሱም ሸራው ዲስኩን አለቀቀም። መኪናው ነዳጅ ይበላል፣ ሸራው በአንድ በኩል ብቻ ያልቃል። አንዱ ደግሞ ከሌላው ተለይቶ ንጹህ ከሆነ ደስ አይበላችሁ። ምናልባት የዚያ በኩል ፍሬን ሥራ አቁሟል። እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይጎትታል።

ብናኙ ደረቅ መሆን አለበት። እርጥብ ሆኖ ቅባት ቅባት ካለው፣ ከጎማው በውስጥ በኩልም የወረደ መስመር ካለ፣ የፍሬን ዘይት ወይም ግሪስ እያፈሰሰ ነው። ያንን መኪና ይዞ ጣርማ በር መውረድ አይገባም። በጥቁሩ መሃል የሚያብለጨልጭ የብረት ፍቅፋቂ ከታየና ፍሬን ሲያዝ የብረት ድምፅ ካለ፣ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት እየተፋቀ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጎማ ማውለቅ ሁልጊዜ አያስፈልግም። የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ በቸርኬው ክፍተት ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ዲስኩን ተደግፎ የቆመውን የሸራ ውፍረት ታያላችሁ። አዲስ ሸራ 10 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ይቀየር። በውስጥ በኩል ያለው ሸራ አንዳንዴ ቀድሞ ስለሚያልቅ መካኒኩ ሁለቱንም እንዲያያቸው ጠይቁት።

አንድ ነገር ግን አያስደንግጣችሁ። ከጥቅምት ወዲያ ውርጭ ሲጥል፣ ደብረ ብርሃን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት ዲስኩ ላይ ብርቱካናማ ዝገት ይታያል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ፍሬኖች ሽርር የሚል ድምፅ ያወጡና ይጠርጉታል። ይህ ጤነኛ ነው። ችግሩ ቸርኬው ላይ ያለው ነው። ብናኙ ውስጥ ያለው ብረት በሌሊቱ እርጥበት ይዝጋል። ትኩስ ሆኖ የተለጠፈው ደግሞ የቸርኬውን መከላከያ ቀለም ነክሶ ይይዛል። ለወራት ከተተወ ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ በሳሙና አይለቅም።

ሸራ ስትቀይሩ ምርጫ አላችሁ። ብረት የበዛበት ሸራ ሙቀት ይችላል፣ ብናኙ ግን ብዙና ጥቁር ነው። ሴራሚክ የሚባለው ብናኙ ፈዘዝ ያለ ስለሆነ ቸርኬ ላይ ያን ያህል አይታይም፤ ዋጋው ወደድ ይላል። የእኔ ምክር ከደብረ ሲና በታች የሚመላለስ ሰው በቸርኬ ንጽሕና ብሎ ሸራ እንዳይመርጥ ነው። ለመኪናው የሚስማማውን፣ ምንጩ የታወቀውን ይግጠም። የቸርኬ ጥቁረት ይታጠባል።

የጤናውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። ከዚህ ብናኝ ውስጥ በዓይን የማይታየው ደቃቁ ክፍል ሳንባ ድረስ ይገባል። አሮጌ ሸራዎች አስቤስቶስ ነበረባቸው፤ አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ሙሉ በሙሉ ከልክሎታል። ያው ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው ዩሮ 7 በሚባለው ደንብ ለፍሬን ብናኝ ራሱ ገደብ አበጅቶለታል፤ ለነዳጅ የቤት መኪና በኪሎ ሜትር 7 ሚሊ ግራም፣ ለኤሌክትሪክ መኪና 3። ከጭስ ማውጫ የሚወጣው እየቀነሰ ሲመጣ ከፍሬን የሚወጣው ጎልቶ ታየ። እኛ አገር ግን ታምቡር ተከፍቶ በኮምፕሬሰር እፍፍ ሲባል፣ ልጆች አጠገቡ ቆመው ያንን ጥቁር ደመና ሲተነፍሱ ታያላችሁ። በጣም ያሳዝነኛል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ወይም ውሃ አርከፍክፎ ማጠብ ይቻላል። ባለ ጋራዥ የሆናችሁ ለልጆቹ ማስክ ግዙላቸው።

የኤሌክትሪክ መኪና የገዛ ሰው ብናኝ ይቀንስለታል። ሲወርድ ሞተሩ ወደ ጄኔሬተር ይቀየርና ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ እነዚህ መኪኖች እየበዙ ነው። ዲስካቸው ብዙ ስለማይሠራ ግን በጉምና በእርጥበት አገር ዝገት ሊይዘው ይችላል። አልፎ አልፎ ፍሬኑን ጠንከር አድርጎ መጠቀም ያስፈልጋል።

አሁን ማጠቡ። መጀመሪያ ይብረድ። ሸዋ ሮቢት እንደደረሱ ላቫጆ ገብቶ የጋለ ቸርኬ ላይ ውሃ ማስለቀቅ የተለመደ ነው። ውሃው ችስስ ይላል፣ እንፋሎት ይነሳል። የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል፤ ከዚያ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪውና ፔዳሉ ይንቀጠቀጣሉ። ሳሙናውም ሳይሠራ ቸርኬው ላይ ይደርቃል። አጣቢውን «ወንድሜ፣ ቸርኬው ይብረድ፤ ከላይ ጀምርልኝ» በሉት። ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል። በእጅ የሚነካ ሲሆን በብዙ ውሃ ልቅለቅ ይደረግ። ሳይለቀለቅ በደረቁ ከታሸ ያ የብረት ዱቄት ቀለሙን ይጭረዋል።

ከዚያ የመኪና ሻምፑ ወይም ለስለስ ያለ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ የራሱ ባልዲና የራሱ ስፖንጅ። ቸርኬ ያጠበ ስፖንጅ ቦዲ ላይ አይውጣ። የቡሎኖቹን ጉድጓድና የቸርኬውን የውስጥ ገጽ አትርሱ፤ ብናኙ የሚደበቀው እዚያ ነው። የብረት ሱፍ፣ በረኪናና የባትሪ አሲድ አይምጡ። አሉሚኒየም ቸርኬን ይበላሉ። ናፍጣም ቅባቱ ዲስክና ሸራ ላይ ከደረሰ ፍሬን እምቢ ይላል። የጎማ ማስዋቢያ ቅባትም እንደዚያው ነው፤ በጨርቅ ጎማው ላይ ይቀባ እንጂ አይረጭ። በሳሙና ያልለቀቀ ቡናማ ነጠብጣብ ካለ ብረት የሚያሟሟ የቸርኬ ማጽጃ አለ፤ አሲድ የሌለበትን ፈልጉ። ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ወደ ሐምራዊ ይቀየራል። ሽታው ከባድ ነው፤ ጓንት አድርጉ፣ ሳይደርቅ በደንብ አለቅልቁት። በደረቀው ንጹህ ቸርኬ ላይ ሰም ከቀባችሁበት የሚቀጥለው ብናኝ በቀላሉ ይለቃል።

ከላቫጆ ስትወጡ ሸራውና ዲስኩ እርጥብ ናቸው። ሰውና መኪና በሌለበት ቦታ ቀስ ብላችሁ እየነዳችሁ ፍሬኑን ሁለት ሦስቴ ረገጥ ረገጥ አድርጉት። የመጀመሪያው ትንሽ ይንሸራተታል፣ ሦስተኛው ላይ እንደወትሮው መያዝ አለበት። ካልያዘ ወደ ጋራዥ እንጂ ወደ ዋናው መንገድ አትውጡ።